የቅርጫው ጉበትና የግቢያችን ውሻ

በማኅበራችን ውስጥ ውሻ የምናሳድግ ሴቶች ከሚገመተው በላይ ብዙ ነን። አንዳንዶቻችን ለግቢ ጥበቃ ብለን ነው የያዝነው፤ አንዳንዶቻችንን ልጆቻችን ከመንገድ ቡችላ ታቅፈው መጥተው «እማዬ እባክሽ» እያሉ አስገድደውናል፤ ጥቂቶቻችን ደግሞ ሌላ ምክንያት ሳያስፈልገን ውሻ ስለምንወድ ብቻ ነው። በበዓል ሰሞን ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ነን። በግ ሲታረድ ወይም ቅርጫ ሲከፋፈል ሳንባውን «ይህቺ ለውሻዬ» ብለን እንለያለን። ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ከተገኘም አራጁ በቢላው ቆርጦ ያወጣና ጥግ ላይ ምራቁን እያዝረበረበ ለሚጠብቀው ውሻ ይወረውርለታል። ሰው የማይበላውን ውሻ ይብላው ማለት ከእናቶቻችን የወረስነው ደግነትም ቁጠባም ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ውርወራ ነው። ታሪኳ በደንብ ተመዝግቦ የሚገኘው ከእኛ በጣም ርቃ ባለች አገር፣ በአይስላንድ ነው። አገሪቱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። እንደ እኛ በየቤቱ ያርዱ ነበር፤ እንደ እኛ ውሻው ከቤተሰቡ ጋር ይኖር ነበር፤ የሥጋውን የውስጥ ዕቃ የሚያጥቡትና የሚያሰናዱት እንደ እኛ ሴቶቹ ነበሩ። ከዚያ ጣጣ እንዴት እንደወጡ ደግሞ በመዝገብ አስቀምጠውታል፤ የሒሳብ ሰው መዝገብ ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። በ1860 ሕዝቧ ወደ 67 ሺህ ገደማ ነበር፤ ከአንድ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ያነሰ ማለት ነው። በጎቹ ከሰዉ በብዙ እጥፍ ይበልጡ ነበር። አገሩ ብርዳም ስለሆነ እህል እምብዛም አይበቅልም፤ ኑሮው በበግና በዓሣ ላይ የቆመ ነበር። ደን ስለሌለም ቤቱን የሚሠሩት ከነሣሩ እንደ ጡብ ተቆርጦ በተደራረበ አፈር ነበር። ክረምቱ ረጅምና ጨለማ ነው። አባወራው፣ እማወራዋ፣ ልጆቹ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፤ ውሻውም እዚያው ነው።

ውሻው እንግዳ አልነበረም፤ ሠራተኛ ነበር። በጎቹ በበጋ ወደ ተራራ ይለቀቁና በመከር ወራት ተሰብስበው ይወርዳሉ። ጆሮው የቆመ፣ ጅራቱ ወደ ጀርባው የተጠቀለለ የአይስላንድ ውሻ ያለ እሱ ያ ሥራ የማይሠራ ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ውሻውን ይወደው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፍቅሩ ከሚገለጽባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል «አስኩር» የሚባል ክዳን ያለው የእንጨት ሳህን አለው፤ በልቶ ሲጨርስ ሳህኑን መሬት ላይ ያስቀምጥለታል፣ ውሻውም ልሶ ያጸዳዋል። የሚያጥበው ውሃ ማሞቂያ ማገዶ እንደ ልብ አይገኝም። የሚነደው ከረግረግ የተቆፈረ አፈርና የደረቀ የበግ ፋንድያ ነበር፤ ኩበት ለምናውቅ ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በመከር የእርድ ወቅት ሥራው የሴቶች ነበር። ደሙና ሞራው ተቀላቅሎ፣ ጉበቱ ተፈጭቶ፣ በጨጓራ ተሞልቶና ተሰፍቶ ይቀቀላል፤ ለክረምቱ የሚቀመጥ ስንቅ ነው። ጉበቱና ሳንባው ሁሉ በሴቶቹ እጅ ያልፋል። ከረጢት ያለበት ክፍል ሲገኝ ይቆረጥና ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያቅታችሁም።

በዚያው አገር ብዙ ሰው ሆዱ እያበጠ ይታመም ነበር። እብጠቱ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል፤ አንዳንዱ ሰው አብሮት ይኖራል፣ አንዳንዱ ሲፈነዳበት ይሞታል። በ1840ዎቹ መጨረሻ ሽላይስነር የተባለ የዴንማርክ ሐኪም ወደ ደሴቲቱ ተልኮ የሕዝቡን ጤና ሲያጠና በሽታው የትም እንዳለ ጻፈ። አይስላንድ ያኔ በዴንማርክ ሥር ነበረች። ምክንያቱን ግን ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። ብርዱ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ምግቡ ነው የሚሉም ነበሩ።

ቋጠሮውን መፍታት የጀመረው አንድ የጀርመን ተመራማሪ ነው። ፎን ዚቦልድ የተባለው ሰው በ1852 ከበግ የወጣውን ከረጢት ለውሾች አበላ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንጀታቸውን ሲያይ በጣም ትናንሽ የኮሶ ትሎች ሞልተውበት አገኘ። ከረጢቱና ትሉ የአንድ ፍጡር ሁለት መልኮች እንደሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ትሉ ኢኪኖኮከስ ይባላል፤ በሽታውን ሐኪሞች ሃይዳቲድ ይሉታል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ዙሩን በደንብ ብናየው ይሻላል፤ ሁሉም ነገር የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። ትሏ የምትኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ አትበልጥም፤ አንድ ውሻ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሊይዝ ይችላል። ውሻው አያመውም፤ ጸጉሩ ያብረቀርቃል፣ ይጫወታል፣ ይበላል። እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣና ሣሩ ላይ ይበተናል። በጉ ሣሩን ሲግጥ ይውጠዋል፤ በጉ ውስጥ ገብቶ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በጉ ሲታረድ ከረጢቱን ለውሻ የሰጠን እንደሆነ በውስጡ ያሉት ፍሬዎች ውሻው አንጀት ውስጥ እንደገና ትል ይሆናሉ። ዙሩ ተዘጋ። ሰው የሚገባበት በስህተት ነው፤ እንቁላሉ በውሻው ጸጉር፣ በልጁ እጅ፣ ባልታጠበ ጎመን ወይም በውሃ አድርጎ ወደ አፋችን ይገባል። ከዚያ በኋላ እኛም በዚህ ሒሳብ እንደ በግ ነን፤ ከረጢቱ ጉበታችን ላይ ያድጋል።

ብዙ ሰው ከኮሶ ጋር ስለሚያምታታው አንድ ነገር እንጨምር። ጥሬ ሥጋ በልተን የሚይዘን ኮሶ ሌላ ነው፤ ከበሬ ሥጋ ወደ እኛ አንጀት ይመጣል፣ መድኃኒት ወስደን እንገላገለዋለን። ይኼኛው ግን ከሥጋው አይይዘንም። ዱለቱን ጥሬውን የበላ ሰው በዚህ በሽታ የሚያዘው በዱለቱ አይደለም፤ የሚያዘው የጉበቱን ትራፊ ከበላው ውሻ ነው። መቼም ስለ ኮሶ ከተነሣ አይቀር፣ አይስላንድ በዚህ ስትቸገር በነበረበት በዚያው ዘመን የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች የእኛን የኮሶ ዛፍ አበባ ለትል መድኃኒት ብለው ይገዙ ነበር። እናቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ሲጠጡ ውሻው ግን የሚያጠጣው አልነበረውም።

ወደ ነገራችን እንመለስ። በ1863 ሃራልድ ክራቤ የተባለ ወጣት የዴንማርክ ተመራማሪ ወደ አይስላንድ ተሻገረ። የመጣበት ጉዳይ የውሾቹን አንጀት ማየት ነበር። አንድ መቶ ውሾች መረመረ፤ 28ቱ ላይ ትሉን አገኘ። ኮፐንሃገን ውስጥ ከመረመራቸው ውሾች መካከል ግን ትሉ ያለባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። ከሰው አካል የወጣ ከረጢትም ለውሻ አብልቶ ያው ትል እንደሚወጣ አየ፤ በዚያው ዓመት በርሊን ላይ ናውኒን የተባለ ሐኪምም ተመሳሳይ ውጤት አግኝቷል። የበጉ፣ የሰውየውና የውሻው ጉዳይ አንድ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ የሚከራከር ሐኪም አልቀረም። (ክራቤ ኋላ አይስላንዳዊት አግብቷል፤ ስለዚህ ነገሩ ለእሱ የሩቅ ሰው ጉዳይ ሆኖ አልቀረም።)

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ለዚህ ጋዜጣችን ሲነበብ ይገባል ያልነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1864፣ በአይስላንድ ቋንቋ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ መጽሐፉም ለየቤቱ በነፃ ታደለ። አይስላንዳውያን ድሆች ቢሆኑም ማንበብ ይችሉ ነበር፤ በረጅሙ ክረምት ማታ ማታ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ሱፍ እየፈተለ ማዳመጥ የቆየ ልማዳቸው ነበር። ምክሩ አጭር ነው፦ ከረጢት ያለበትን የውስጥ ዕቃ ውሻ በማያገኘው መንገድ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት፣ ውሻ የምግብ ዕቃ አይላስ፣ ከውሻ ጋር ፊት ለፊት መሳሳም ይቅር። ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለበትም። ወደ ሥራ የሚተረጎመውም በሸንጎ አይደለም፤ በጓዳና በእርድ ቦታ ነው።

እንዲህ ስንል ሕዝቡ በአንድ ሌሊት ተለወጠ ማለታችን አይደለም። በዓይን የማትታይ እንቁላል ከሚወዱት ውሻ ወጥታ ከሃያ ዓመት በኋላ ትገድላለች ብሎ ማመን ለማንም ከባድ ነው። ስለዚህ ሕግ ተከተለ። በ1869 በውሻ ላይ ግብር ተጣለ፤ ሰው ለሥራ ከሚያስፈልገው በላይ ውሻ እንዳያበዛ ነው። የተበከለውን የውስጥ ዕቃ ማስወገድም ግዴታ ሆነ። በ1890 የወጣው ሕግ ደግሞ ውሾች በየዓመቱ የትል መድኃኒት እንዲሰጣቸው አዘዘ።

ሕጉ ብቻ ግን በቂ አልነበረም፤ ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ከሕጉ ጎን ለጎን የሚያነሡት ነገር የገበያ ጉዳይ ነው። እኛንም የበለጠ የሳበን ይኸው ነው።

አይስላንድ ከ1602 እስከ 1787 ድረስ ከዴንማርክ ነጋዴዎች በቀር ከማንም ጋር መገበያየት አትችልም ነበር። ለሌሎች አገሮች ነጋዴዎች ሁሉ የተከፈተችው በ1855 ነው። ከዚያም በኋላ ገበሬው በጉንና ሱፉን ለወደቡ ነጋዴ ያስረክባል፣ ነጋዴው በራሱ ዋጋ ይመዘግባል፣ ገበሬው በምትኩ ዱቄትና ቡና ይወስዳል፤ ጥሬ ገንዘብ በእጁ አይገባም፣ ዕዳው ደግሞ ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። በዱቤ መዝገብ ላይ የዋለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ መዝገቡን የሚጽፈው ሻጩም ገዢውም አንድ ሰው ሲሆን ሒሳቡ ሁልጊዜ ለእሱ ይዘጋል። በ1882 በሰሜን ምሥራቅ አይስላንድ የቲንጌይ አውራጃ ገበሬዎች ተሰብስበው የአገሪቱን የመጀመሪያ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረቱ። በጎቻቸውን በአንድነት ለእንግሊዝ ገዢ በቁማቸው ሸጡ፤ ዕቃም በጋራ አስመጡ።

የእንግሊዙ ገበያ ብዙ አልቆየም። በ1896 እንግሊዝ ከውጭ የሚገቡ እንስሳት ወደብ ላይ እንደወረዱ ይታረዱ የሚል ሕግ ስታወጣ በጉን በቁሙ መላክ አከሰረ። የቀረው መንገድ በጨው የታሸገ ሥጋ መላክ ነበር። በየቤቱ በየደጁ የታረደና እንደነገሩ ጨው የተነሰነሰበት ሥጋ ግን ውጭ አገር ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ ማኅበራቱ ማረጃ ቤት መሥራት ጀመሩ፤ የደቡቡ ገበሬዎች የእርድ ማኅበር በ1907 ተመሠረተ። በጉ በአንድ ቦታ፣ በንጹሕ ወለል ላይ ታረደ፤ የውስጥ ዕቃው ከውሻ ተለየ። በዚያው ጊዜ ገደማ ሌላም ለውጥ መጣ። ድሮ በጎችን ለወተትና ለሱፍ ብለው ለብዙ ዓመታት ያቆዩ ነበር፤ አሁን ግን ገበያው የሚፈልገው ጠቦት ሆነ። ከረጢቱ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል፤ በመከር የሚታረድ ጠቦት ውስጥ ፍሬ ለመያዝ አይደርስም።

ገበሬዎቹ ይህን ሁሉ ያደረጉት ለጤና ብለው አልነበረም። ያደረጉት የተሻለ ዋጋ ለማግኘትና ከዱቤ ለመውጣት ነው። ጤናው አብሮ መጣ። ከሰፈራቸው በግ ወደ ውጭ ሥጋ አልዞሩም፤ የሰፈራቸውን እርድ አስተካከሉት። እኛ «ከሰፈር እንግዛ» ስንል የምንፈልገው እንዲህ ያለውን ይመስለናል።

ውጤቱን ያሳየው የሬሳ ምርመራ ነው። በኋላ ዘመን ሬይክያቪክ ውስጥ በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች ሲመረመሩ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከተወለዱት መካከል ከረጢቱ የተገኘባቸው ብዙ ነበሩ። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የተወለዱት ላይ ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተወለዱት ላይ ከነጭራሹ ጠፋ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ከወላጆቻቸው ጋር በአንድ አገር፣ ከአንድ ዓይነት በግና ውሻ ጋር ነው ያደጉት። የተለወጠው የጉበቱ መንገድ ነው።

ውሻ ወዳዶች ሆነን አንድ ቅሬታ ሳንናገር አናልፍም። በ1924 የሬይክያቪክ ከተማ ውሻ ማሳደግን ከለከለች፤ ይህ በሽታም ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ልብ በሉ፣ ያኔ በሽታው አስቀድሞ እየሞተ ነበር። በየገጠሩ ያሉ ውሾች መድኃኒት እየተሰጣቸው ከሰው ጋር ሲኖሩ የከተማው ውሻ ግን ላላጠፋው ጥፋት ቅጣት ከፈለ። ክልከላው 60 ዓመት ቆየ። በ1984 የአገሪቱ የገንዘብ ሚኒስትር አልበርት ጉድሙንድሶን ሉሲ የምትባል ያረጀች ውሻ በቤታቸው እንዳለች ታወቀና ክስ መጣባቸው። እሳቸውም ከሉሲ ከምለይ አገሩን ብለቅ ይሻለኛል ብለው ጉዳዩ የዓለም ጋዜጦች ወሬ ሆነ። በዚያው ዓመት ከተማዋ በፈቃድ ውሻ ማሳደግ እንዲቻል አደረገች። ለገንዘብ ሰዎች ያለን አክብሮት ይህን ካነበብን ወዲህ ጨምሯል፤ ስሟ ሉሲ መሆኑም ለእኛ ለድንቅነሽ ልጆች ሳያስደስተን አልቀረም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛም ከተሞች ስለ ውሻ በሽታ ሲወራ መጀመሪያ የሚታሰበው መርዝ ነው። ከረጢት ያለበት ጉበት ግን ከአጥር ውጪ እየተጣለ እስካለ ድረስ የዛሬው ውሻ ቢሞት ነገ ሌላ ውሻ መጥቶ ይበላዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ቅርጫ እንምጣ። በአገራችን ይህ በሽታ በከብትም በበግም በሰፊው አለ። የቄራ ሠራተኛ ወይም የእንስሳት ሐኪም ብትጠይቁ በየቀኑ የሚያዩት ነገር እንደሆነ ይነግሯችኋል። በደቡብ ኦሞ አካባቢና ድንበር ተሻግሮ በኬንያ ቱርካና፣ ውሻና ሕፃን በአንድ ጎጆ በሚያድጉበት የአርብቶ አደር ኑሮ፣ በሽታው በዓለም ላይ ብዙ ሰው ከሚይዝባቸው ቦታዎች ውስጥ ነው። እዚያም ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይያዛሉ። ቤቱን የምትጠርገው፣ ሕፃኑን የምታጥበው፣ ውሻውን የምታበላው ማን እንደሆነች ስናስብ አይገርመንም።

ቄራ ውስጥ ሲታረድ የሥጋ ምርመራ አለ፤ ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ይለያል፣ ሥጋው ላይ ማህተም ይመታል። ቅርጫ ግን የሚታረደው በግቢ ነው። ማለዳ በሬው ይጣላል፣ መደብ ይወጣል፣ ዕጣ ይጣላል፤ መርማሪ የለም። ቅርጫን ልንነቅፍ አልተነሣንም። በሬውን ከምናውቀው ገበሬ ገዝተን፣ ያለ ደላላ፣ ከጎረቤት ጋር በእኩል የምንካፈልበት የኅብረት ግዢያችን ነው፤ የቲንጌይ ገበሬዎች ቢያዩት ይወዱት ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ የውስጥ ዕቃውን አይቶ የተበላሸውን የሚለይና የሚያስወግድ። ይህን ለማድረግ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ነጭ፣ የተወጠረ፣ ሲነካ ውሃ ያለው ከረጢት ከታየ ያ ክፍል በሙሉ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ከረጢቱን ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን ለውሻ መስጠትም አይሆንም፤ ትንሹ ከረጢት ሥጋው ውስጥ ተደብቆ አይታይምና። ሲቆረጥ ውሃው እንዳይፈስ መጠንቀቅም ያስፈልጋል።

ጤነኛ የሚመስለውን ሳንባና ጉበት ለውሻችን መስጠት ከፈለግን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ማገዶ ይፈጃል፤ እናውቃለን። የወጡን ድስት ካወረድን በኋላ በቀረው ፍም ላይ መጣድ ከእኛ መካከል አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ዘዴ ነው።

ከሥጋ ቤት ስንገዛም እንዲሁ። ለውሻ የሚሆን ቅንጥብጣቢና አጥንት በየሰፈሩ ሥጋ ቤት በትንሽ ብር ይገኛል፤ ጆንያ ሙሉ የውጭ አገር የውሻ ምግብ ከመግዛት ይህን እንመርጣለን። ብሩ ሰፈራችን ውስጥ ይቀራል፣ ውሻውም ደስ ይለዋል። ባለ ሥጋ ቤቱን ግን «የት ነው የታረደው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ማህተሙን የሚያሳይ ሰው ይኮራበታል እንጂ አይቆጣም። ከአጥር ጀርባ አርዶ በርካሽ የሚሸጠው ሰው ዋጋ የሚቀንሰው የቄራውን ክፍያ ስለማይከፍል ነው፤ ያንን ልዩነት ቄራ ከፍሎ ከሚያርደው ጎረቤቱ ወስዶ ነው ለእኛ የሚሰጠን። ቀሪውን ወጪ ደግሞ ምናልባት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ አንዷ ልጃችን ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ትከፍለዋለች። በደረሰኝ ላይ የማይታይ ወጪ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እህት «ለእብደት በሽታ አስከትቤዋለሁ፣ አይበቃም ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግዴታችን ነው፤ ለዚህ ትል ግን ምንም አያደርግም። ለትሉ ያለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን ነው። በሽታው ባለበት አገር ውሻው ቢያንስ በዓመት 4 ጊዜ እንዲወስድ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ክኒኑ ትሉን ይገድላል እንጂ ለነገ አይከላከልም፤ በማግስቱ ሌላ የተበከለ ጉበት ከበላ እንደገና ይያዛል። መድኃኒቱ ከተሰጠው በኋላ ለሁለትና ሦስት ቀን ታስሮ ቢቆይና ሰገራው ቢቀበር መልካም ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ ይህ በአጀንዳ ተይዟል። ለፋሲካ ቅርጫ የሚገቡት ቡድኖች ጉድጓዱን የት እንደሚቆፍሩና የውስጥ ዕቃውን ማን እንደሚያይ አስቀድመው ይወስኑ። ክኒኑን በጋራ ብንገዛ ዋጋው ስለሚቀንስ ከሦስት የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ፕሮፎርማ ሰብስበን እናቀርባለን። መጠኑ የሚሰላው በውሻው ኪሎ ነውና ውሻ ያላችሁ እህቶች ክብደቱን ይዛችሁ ኑ። ሚዛኑ ላይ አልቆም ካለ ታቅፋችሁት ተመዘኑና የራሳችሁን ቀንሱ፤ የራሳችሁን ለማንም መናገር አይጠበቅባችሁም።